ከመጋረጃው እስከ ክፍቷ መኪና

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄዱ ሐይቅ ከተማ ይደርሳሉ። አስፋልቱ ገበያውንና ቁርስ ቤቶቹን ግራና ቀኝ ትቶ በውጫሌ በኩል ወደ ሰሜን ይዘልቃል፤ ከፊት የአምባሰል ተራሮች ይታያሉ። ወደ ገዳሙ የሚሄድ ሰው ግን እዚህ ላይ ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ ወደ ውኃው ይታጠፋል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው እንደ ምላስ ወደ ሐይቁ በገባ መሬት ላይ ነው። ድሮ ዙሪያውን ውኃ የከበበው ደሴት ነበር።

ይህ መንገድ ብዙ ዓይነት መኪና አሳልፏል፤ የጦር ካሚዮን፣ የእህል ጭነት፣ አውቶቡስ፣ ዛሬ ደግሞ ባጃጅ። እኔ የምተርከው ግን ስለ አንድ ዓይነት መኪና ነው፤ ጣሪያዋ ስለሚገለጥ፣ የተቀመጠባት ሰው ከአራቱም ማዕዘን ስለሚታይባት መኪና። ታሪኳን ከሞተር አልጀምረውም። የምጀምረው ከመጋረጃ ነው፤ ያን መጋረጃ ይጠብቅ የነበረው ሰው የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት ነበርና።

በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ወደ ሐይቅ መጡ። ያስፋፉት ትምህርት ቤት አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ አባቶችን አፈራ፤ በስማቸው የሚጠራው የብራና ወንጌልም የገዳሙ ትልቅ ቅርስ ነው። ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ከነገሠ በኋላ የሐይቅ አበምኔት በቤተ መንግሥቱ ከፍ ያለ ስፍራ አገኘ፤ ማዕርጉም “ዐቃቤ ሰዓት” ተባለ፤ ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። የንጉሥን ሰዓት የሚጠብቅ ደግሞ የንጉሥን ደጅ ይጠብቃል። ማን እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚገባ፣ በደጅ የቆመው ሰው ቃል ወደ ውስጥ እንዴት እንደሚደርስ በእርሱ እጅ ነበር።

ይህን ሥራ በዓይኑ አይቶ የጻፈልን ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን ቆይቶ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር እየተከተለ ዞሯል። እንግዶቹ በደጅ ቆመው ቃል ይልካሉ፤ ዐቃቤ ሰዓቱ ቃሉን ይዞ ይገባል፣ መልሱን ይዞ ይወጣል፤ እንደገና ይገባል፣ እንደገና ይወጣል። ንጉሡ ከመጋረጃ ወዲያ ናቸው። አልቫሬዝ ሐይቅንም አይቷል። በውኃው መካከል ስላለው ገዳም፣ በደሴቱ ላይ ስለሚበቅለው ሎሚና ብርቱካን፣ በሐይቁ ውስጥ ስላሉት ጉማሬዎች ጽፏል።

ከጻፋቸው ሁሉ እኔን የያዘኝ ግን አንድ ነገር ነው። ንጉሡ ለሕዝብ የሚታዩት በዓመት 3 ጊዜ ነበር፤ በገና፣ በፋሲካና በመስቀል። ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት እንዲያውም ከነጭራሹ አይታዩም ነበር ይላል። ዐፄ እስክንድር ሲሞቱ መኳንንቱ ሞታቸውን 3 ዓመት ሸሽገው በስማቸው ገዙ፤ ከዚያ ወዲህ ነው ሕዝቡ ንጉሡን በዓይኑ ማየት የፈለገው። ንጉሡ በሕይወት መኖራቸውን እንኳ የሚያረጋግጥለት ያጣ ሕዝብ “ያሳዩን” አለ። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ የዚያ ጥያቄ ልጅ ነው።

ዘመን አለፈ። መጋረጃው ቀስ በቀስ ተነሣ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ነገሥታቱ በበቅሎ ላይ ሆነው፣ ጥላ ተይዞላቸው፣ በሠራዊት ፊት በግልጽ ይሄዱ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ደግሞ አዲስ ነገር ሲመጣ በሩቁ ከማድነቅ ይልቅ ቀርበው መዳሰስ የሚወዱ ንጉሥ ነበሩ። የመጀመሪያዋ መኪና የደረሰችው በእርሳቸው ዘመን ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተሰኘች 18 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ አዲስ አበባ አስገባ። ኋላ ዝነኛ የሆነው የቤንትሌይ መኪና ከዚህ ሰው ጋር ዝምድና የለውም። ባቡሩ ያን ጊዜ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ መኪናዋ የመጣችው መንገድ በሌለበት በረሃ ነው። ከመንዳቱ ይልቅ መግፋቱና መጎተቱ የበዛበት ጉዞ ነበር። አርኖልድ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊም ናክ የተባለች መኪና ይዞ ተከትሎ መጣ፤ ሁለቱ ሰዎች “ቀዳሚው እኔ ነኝ” የሚል ፉክክር ውስጥ ነበሩ።

የዚያን ዘመን መኪና ጣሪያ አልነበራትም። ዛሬ ጣሪያ የሌላት መኪና የቅንጦት ዕቃ ናት፤ ያን ጊዜ ግን መኪና ማለት ያው ክፍት ሠረገላ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ የሚጎተት ሸራ ከኋላ ተጣጥፎ ይቀመጣል። የላሜራ ጣሪያ ያላት መኪና የተለመደችው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ስለዚህ ምኒልክ መኪና ላይ ሲወጡ ከሕዝብ ዓይን አልተሰወሩም። በበቅሎ ላይ እንደሚታዩት ሁሉ ታዩ፤ እንዲያውም ከፍ ብለው፣ ሳይናወጡ፣ ሁለት እጃቸውን አሳርፈው።

ወሎ ግን መኪናን ለማየት ገና ብዙ ዓመት ይጠብቃል። በዚያ ጊዜ ከአምባሰል አዲስ አበባ ለመድረስ በበቅሎ ብዙ ቀን መጓዝ ግድ ነበር። የአምባሰል ገዢ ጃንጥራር ይባላል፤ ጃንጥራር አስፋው የንጉሥ ሚካኤልን ልጅ ወይዘሮ ስኂንን አግብተው የወለዷት ልጅ መነን ናት። ደሴ ውስጥ ትልቁ ትምህርት ቤት በእናትየዋ ስም ይጠራል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ በልጅየዋ ስም። መነን በ1903 ዓ.ም. ኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉትን ተፈሪ መኮንንን አገቡ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሁለቱም ዘውድ ሲጭኑ አዲስ አበባ ላይ መኪና ብርቅ አልነበረም፤ ለዚያ ቀን የተመረጠው ግን ከጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ከቪልሄልም ሁለተኛ ንብረት የተገዛው በፈረስ የሚሳብ ሠረገላ ነበር። የአምባሰሏ ልጅ እቴጌ ሆኑ፤ ከተወለዱባት አገር ግን ገና ደህና የመኪና መንገድ አልደረሰም።

መንገዱን ያፋጠነው ጦርነት ነው። በ1928 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ደሴ ድረስ በመኪና መጡ። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ንጉሡ ከፀረ አውሮፕላን መሣሪያው ኋላ ሆነው ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ የተነሣው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በሰሜኑ አቅጣጫ ወደ ቆረም ሄዱ፤ መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የሆነው ሆነ። ሚያዝያ 7 ቀን ጣሊያን ደሴ ገባ። ከዚያ የተነሣው የጣሊያኑ አዛዥ የባዶሊዮ ሠራዊት ከ1,500 የማያንሱ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ ጣርማበር ላይ አርበኞች መንገዱን ንደው አቆሙት። ያ ሁሉ ሞተር ጭቃ ውስጥ ቆሞ ገደል እስኪሞላለት ጠበቀ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች።

በአምስቱ ዓመት ጣሊያኖች ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ድንጋይ ጠርበው፣ ድልድይ ጥለው፣ አስፋልት አልብሰው አበጁት። ጣርማበር ላይ ተራራውን 600 ሜትር በሚጠጋ ዋሻ በሱት። ለእኛ ብለው አልሠሩትም፤ ካሚዮናቸው ጥይትና ዱቄት እንዲያመላልስ ነው። ይህ መንገድ ነው ሐይቅን አቋርጦ የሚያልፈው። ከመንገዱ ጋር ቋንቋም ገባ። ወሎ ውስጥ ዛሬም ሜካኒክ ዘንድ ቆማችሁ ጆሯችሁን ብትሰጡ ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ ሲባል ትሰማላችሁ። የተጨረመተ ላሜራ በመዶሻ የሚያቃናው ሰው ባቲላሜራ ነው። መኪና የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። ወራሪው ሲወጣ ቃሉን ይዞት አልሄደም፤ ቃሉ ጋራዥ ገብቶ አማርኛ ሆነ።

በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ኮምቦልቻ ላይ ተዋግተው በወሩ 18ኛ ቀን ደሴን ያዙ፤ ከዚያም በሐይቅ በኩል ወደ አምባላጌ ዘለቁ። በመካከሉ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ልክ አዲስ አበባ በተያዘችበት ቀን በ5ኛው ዓመት፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከተማዋ ገቡ። የጎጃሙን ዘመቻ የመራው እንግሊዛዊው ዊንጌት በነጭ ፈረስ ከፊት ሄደ፤ ንጉሡ ግን በክፍት መኪና ነበሩ።

ይህችን ቅጽበት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አምስት ዓመት ሙሉ “ንጉሡ አሉ፣ የሉም፣ ይመለሳሉ፣ አይመለሱም” ሲባል ኖሯል። ጠላት የሚለው አንድ ነው፣ አርበኛው የሚለው ሌላ። ከዐፄ እስክንድር ሞት በኋላ “ያሳዩን” ያለው ሕዝብ ያን ቀን ከእንጦጦ በታች መንገድ ዳር ቆሞ ያንኑ ይል ነበር። ጣሪያ ያላት መኪና ለዚያ ቀን አትሆንም ነበር። ከመስታወት ጀርባ የሚያልፍ ጥላ አያሳምንም። ፊታቸውን፣ ጢማቸውን፣ የጨመረውን ሽበት ማየት ያስፈልግ ነበር፤ ክፍቷ መኪና ያን አሳየች።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የንጉሡ መኪና የሚንቀሳቀስ ችሎት ሆነች ቢባል ማጋነን አይደለም። ክፍትም ትሁን ዝግ፣ ስታልፍ ሰው ከመንገድ ዳር “አቤት!” ይላል፤ አቤቱታውን በወረቀት ጽፎ የሚዘረጋ አለ፣ ከፊቷ የሚደፋ አለ። መኪናዋ ቆማ ወረቀቱ የሚወሰድበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ሰው ብቻ ይዞት የነበረው የዐቃቤ ሰዓት ሥራ፣ ቃል ከደጅ ወደ ውስጥ ማድረስ፣ ለጥቂት ሴኮንድ በመኪናዋ በር ላይ ይፈጸም ነበር። ወረቀቱ ከተወሰደ በኋላ ወዴት እንደሚገባ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ዋናዋ መኪና ልምጣ። ይህች መኪና ወሎን አልረገጠችም፤ ነገር ግን የእኛ ታሪክ በውስጧ ተቀምጧል።

በ1953 ዓ.ም. ሚሺጋን ውስጥ ዊክሰም በሚባል ስፍራ ካለው የፎርድ ፋብሪካ አንዲት ባለ አራት በር ሊንከን ኮንቲኔንታል ወጣች፤ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ቀለሟ ጥቁር የሚመስል ጥልቅ ሰማያዊ። እንደ ወጣች አልተነዳችም። ኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ ሲንሲናቲ ከተማ ወደሚገኘው ሄስ ኤንድ አይዘንሃርት ተላከች። እነዚህ ሰዎች አካል ሠሪዎች ናቸው፤ የቀብር መኪናና አምቡላንስ ሲያበጁ የኖሩ። ሊንከኗን ከመካከሏ ለሁለት ቆረጧት። ከዚያ አንድ ሜትር የሚያህል ጨምረው መልሰው ገጠሟት።

ይህን ሥራ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የመኪና ጣሪያ ከዝናብ መከለያ ብቻ አይደለም፤ ከወለሉና ከምሰሶዎቹ ጋር ተያይዞ አካሏን የሚያጠነክር ቅስት ነው። ጣሪያው ሲነሣ አካሏ እንደ ክፍት ካርቶን ይሆናል፤ ወለሉ መካከል ላይ መጉበጥ፣ በሮቹ አልገጥም ማለት ይጀምራሉ። በዚያ ላይ አንድ ሜትር ሲጨመር ችግሩ ይብሳል። ስለዚህ ጣሪያ የሚነሣው ሰው የተነሣውን ጥንካሬ ከታች መመለስ አለበት፤ ከወለሉ ሥር ብረት ይደርባል፣ በበሮቹ ግርጌ ያለውን ሳጥን ብረት ያወፍራል። ሊንከኗ ሥራዋ ሲያልቅ 3,500 ኪሎ ግራም ያህል መዘነች። ከላይ የቀለለ የሚመስለው ሁሉ ከታች ከብዷል።

የኋላው ወንበር በሃይድሮሊክ ኃይል 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ተቀማጩ በሕዝብ ዘንድ በደንብ እንዲታይ። ጠባቂዎች የሚቆሙበት መርገጫና የሚይዙት እጀታ ከኋላ ተሠራ። በዝናብና በብርድ የሚገጠም፣ በውስጡ የሚያሳይ የፕላስቲክ ጣሪያም ነበራት፤ ጥይት ግን አይመልስም። ሁሉም ተደምሮ 200,000 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ፈጀ። ፎርድ ለመንግሥት ያከራያት ግን በዓመት 500 ዶላር ነው።

መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተን፣ ዩኒየን ባቡር ጣቢያ ደረሱ። ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ከባለቤታቸው ጋር ቆመው ጠበቋቸው። ዣክሊን ኬኔዲ ነሐሴ ላይ ጨቅላ ልጅ ከሞተባት ወዲህ ለእንግዳ አቀባበል ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ንጉሡም ሐዘንተኛ ነበሩ፤ የአምባሰሏ እቴጌ መነን ከዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. አርፈዋል። በጉዞው አብራቸው የነበረችው የልጅ ልጃቸው ልዕልት ሩት ደስታ ናት። የ71 ዓመቱ ንጉሥና የ46 ዓመቱ ፕሬዚዳንት በዚያች በተቆረጠችና በተገጠመች ሊንከን ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ጣሪያዋ ተገልጦ፣ በሕዝብ መካከል አለፉ። ከኮፈኑ ግራና ቀኝ የሁለቱ አገር ባንዲራ ይውለበለባል። ፎቶግራፉን ያየ ሰው አይረሳውም። አንዱ ራሱን ገልጦ ይስቃል፣ ሌላው በወታደር ልብስ ቀጥ ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ።

ከዚያ በኋላ 52 ቀን ነው። ኅዳር 12 ቀን፣ እኛ ኅዳር ሚካኤልን ስናነግሥ፣ ዳላስ ላይ ጠዋት ዝናብ ነበር፤ ኋላ አባራ። ዝናቡ ስላባራ የፕላስቲኩ ጣሪያ አልተገጠመም። ኬኔዲ በዚያችው መኪና፣ በዚያው የኋላ ወንበር ላይ ተመቱ። ኅዳር 15 ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እንደገና ዋሽንግተን ነበሩ። በዚህኛው ጊዜ መኪና የለም። ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከደጎል ጋር በአንድ መስመር፣ ቁመተ ረጅሙና ቁመተ አጭሩ፣ ከአስከሬኑ ኋላ በእግራቸው ሄዱ።

ክፍት መኪና ለመሪ የነበራት ዘመን ያን ቀን መዘጋት ጀመረ ማለት ይቻላል። ሊንከኗ ራሷ ግን አልተጣለችም። ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶባት ቋሚ ጣሪያ፣ ጥይት የማይበሳው መስታወትና የብረት ልባስ ተሠራላት፤ ጥቁር ተቀባች። በ1956 ዓ.ም. ወደ ሥራ ተመልሳ ከዚያ በኋላም ከ10 ዓመት በላይ ፕሬዚዳንቶች ሄዱባት። ኒክሰን እንዲያውም ቆመው ለሕዝብ መታየት ስለፈለጉ የታሸገው ጣሪያ ላይ እንደገና መስኮት አስቆረጡ። የመታየት ፍላጎት ምን ያህል እንደሚያይል ከዚያ መስኮት በላይ የሚመሰክር አላገኘሁም። ዛሬ መኪናዋ ሚሺጋን፣ ዲርቦርን ባለው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ቆማለች።

አሁን ወደ ሐይቅ መንገድ ልመለስ፤ እዚያ ላይ ነው ነገሩ የሚመረኝ።

በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ተራበ። ዝናብ ጠፍቶ፣ ከብት አልቆ፣ ዘሩን ከበላ በኋላ ሰዉ ከየቆላው ወጥቶ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። ከደሴ ወደ ሰሜን በሚያልፈው በዚህ አስፋልት ዳር ቆሞ የሚያልፈውን መኪናና አውቶቡስ እያስቆመ ምግብ ለመነ። ሌላ ወዴት ይሂድ? አቤት የሚባለው ከመኪና ፊት መሆኑን ሲያይ ኖሯል። በዚያ ረሃብ የሞተው ሰው በተለያየ ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። የንጉሡ 80ኛ የልደት በዓል ከዚያ በፊት በነበረው ሐምሌ በታላቅ ድምቀት ተከብሯል። ረሃቡን ዓለም ያወቀው በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ገደማ ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው።

ንጉሡን በዋሽንግተን ሕዝብ ፊት ከፍ አድርጋ ያሳየችው መኪና ተሠርታ የነበረው ለመታየት ነው። ለማየት የሚያስችል መኪና ግን ማንም አልሠራም። ክፍት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በቆመው ሕዝብ ሁሉ ይታያል፤ እርሱ የሚያየው ግን አስቀድሞ ተጠርጎና ተስተካክሎ የተሰለፈለትን ነው። የወሎ ረሃብተኛ ከሰልፉ ውጭ ነበር። መጋረጃው ከልብነ ድንግል ፊት ተነሥቷል ብለን ስናስብ፣ በንጉሡና በሐይቅ መንገድ መካከል ሌላ መጋረጃ ቆሞ ነበር፤ ባለሥልጣኑ “ደህና ነው” እያለ የሚጽፈው ወረቀት።

ደርግ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ማታ የወሎን ረሃብተኛና የቤተ መንግሥቱን ድግስ አፈራርቆ በቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ጠዋት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጡ። ደጅ ላይ የቆመችላቸው ቮልስዋገን ናት። ሁለት በር ብቻ ስላላት ኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊቱን ወንበር አሳጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ መግባት አለበት። የንጉሠ ነገሥቱ ቁመት አጭር ነው፤ ቢሆንም ጎንበስ አሉ። የኋላ መስኮቷ ጠባብ ነው፤ በዚያ በኩል የሚያዩትም የሚታዩትም ጥቂት ነው። ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ ሕዝብ አላያቸውም። በዚያው ዓመት ነሐሴ “ሞቱ” ተባለ፤ አሟሟታቸውም የት እንደ ተቀበሩም ደርግ እስኪወድቅ ተሸሸገ። የዐፄ እስክንድር ነገር 500 ዓመት ያህል ቆይቶ ተደገመ።

ቮልሷ ግን ኖረች። ደርግም ሄዶ እርሷ አለች። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ ራዲያተር ስለሌላት ውኃ አትፈላም፤ የወሎን ዳገት የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አካሏ ከወለሉ ጋር የተያያዘው በብሎን ስለሆነ ፈትቶ ማንሣት ይቻላል። ለዚህ ነው በአዲስ አበባም በሌሎች ከተሞችም ቮልስን እንደ ገና የሚሠሩ ሰዎች የበዙት። ቀለሟን ቀይረው፣ ወንበሯን ታፒሴሪ ቤት አልብሰው፣ ጎማዋን አስፍተው፣ የባሰባቸውም ጣሪያዋን አስቆርጠው ይነዷታል። ጀርመኖች ራሳቸው ካርማን በሚባል ፋብሪካ ከ1949 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ጣሪያዋ የሚገለጥ ቮልስ ሠርተዋል፤ የበሩን ግርጌ አጠንክረው ነው እንጂ ቆርጠው ብቻ አይደለም።

የእኛ ባቲላሜራም ይህን ያውቃል፤ ደህናው ባለሙያ ማለቴ ነው። መጋዙን ከማንሣቱ በፊት በሮቹን ዘግቶ ከውስጥ ብረት በያይዞ ይወጥራታል፤ አለዚያ ጣሪያው በወረደበት ቅጽበት በሮቹ ተላቀው ዳግመኛ አይገጥሙም። ከዚያ ከበሮቹ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ይበይዳል። ያን ሳያደርግ የሚቆርጥ አለ። መኪናዋ ለጥቂት ወር ታምራለች፤ አንድ ቀን ጉድጓድ ላይ ስትወድቅ ግን የበሩ ክፍተት ላይኛው ጫፍ ይጠብባል፣ በሩ አልከፈት ይላል። ክፍት መኪና ውስጥ ሆኖ በር አልከፈት ያለው ሰው ዘሎ መውረድ ብቻ ነው ያለው።

እንዲህ ያለች መኪና ዛሬ የንጉሥ አይደለችም፤ የሙሽራ ናት። በሠርግ ሰሞን አበባ ተደርጎባት፣ ክላክስ እየነፋች፣ ሙሽሮቹን ከኋላ ወንበር ጫፍ ላይ አስቀምጣ ታልፋለች። ሰዉ መንገድ ዳር ወጥቶ ያያል፣ እልል ይላል። እኔ ይህን ሳይ ደስ ይለኛል። መታየት ለነገሥታት በዓመት 3 ቀን ተቆጥሮ ይሰጥ በነበረበት አገር፣ የገበሬ ልጅና የሱቅ ጠባቂ ልጅ በአንድ ቅዳሜ ከፍ ብለው ተቀምጠው አገር ያያቸዋል።

ሐይቅ ላይ ከአስፋልቱ ታጥፋችሁ ወደ ውኃው ስትወርዱ መንገዱ ለመኪና የሚሆነው እስከ ገዳሙ ደጅ ነው። ሴቶች ከዚያ አያልፉም፤ ሕጉ የጥንት ነው፤ ለአምባሰል ሴት ሁሉ፣ ለእቴጌይቱም ቢሆን ያው ነው። ወንዶቹ ጫማቸውን ለማውለቅ ተዘጋጅተው በዛፎቹ ሥር በእግር ይገባሉ። ሞተር ሲጠፋ ከሐይቁ የሚመጣው የወፍ ድምፅ ይሰማል። ዐቃቤ ሰዓቱ ወደ ንጉሡ ሰፈር ሲጠሩ የተሻገሩት በዚህ በኩል ነው፤ ያኔ ዙሪያው ውኃ ስለነበር ከሸንበቆ በታሰረ ታንኳ፣ ጣሪያ በሌለው።